ሰላምታ የተወው ብናኝ

ሀምዳን የግመል ነጋዴ ነው። ከኢትዮጵያ በኩል ገዝቶ በኬንያዋ ሞያሌ ይሸጣል። በግ እንኳ ሲታረድ ፊቱን ያዞራል፤ እንኳን ጠመንጃ ሊተኩስ።

አንድ ማለዳ ወደ ዳበል በሚወስደው መንገድ አንድ ደላላ እግሩን በጥይት ተመታ። ሀምዳን በዋዜማው ከዚያ ደላላ ጋር ገበያ መካከል ተጨቃጭቆ ነበርና ፖሊሶች ረፋዱ ላይ ወሰዱት። መዳፉ ላይ ፕላስተር ለጥፈው አነሡና ፕላስተሩን ለምርመራ ወደ ናይሮቢ ላኩት። ጠመንጃ ሲተኮስ ዓይን የማያየው የባሩድ ብናኝ እጅ ላይ ያርፋል፤ ፍለጋው እሱን ነው። ሀምዳንም ለጊዜው ተለቀቀና ልቡ ሞልቶ ቤቱ ገባ።

ሳምንታት አልፈው ውጤቱ መጣ። ኢንስፔክተር ሀላቄ አስጠራው።

«መዳፍህ ላይ ባሩድ ተገኝቷል። ጥቂት ነው፣ ግን አለ።»

«አፋንዴ፣ እኔ እኮ ሰው በጅራፍም መትቼ አላውቅ።»

«ጅራፍ ባሩድ የለውማ። ስማ፣ ብናኙ ከእጅ ወደ እጅም ይጋባል። ያን ጠዋት የተኮሰ ሰው ጨብጠህ ከሆነ ንገረኝ። ካልሆነ ነገ ማርሳቢት ፍርድ ቤት ትቀርባለህ።»

ሀምዳን ወዲያው ጃርሶ ትዝ አለው። ጃርሶ የጎልቦ ሰው ነው፤ መንግሥት ያስታጠቀው የመንደር ጠባቂ። ያን ማለዳ ገበያ ላይ ተገናኙ። የዚያ አገር ሰላምታ ደግሞ እጅ አይለቅም። ከብቱ ደኅና ነው? ዝናቡስ? ወተቱስ? እያለ መዳፉን ይዞት ቆየ። በመሃል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጎሕ ሲቀድ ጅብ በረት ገብታ ተኩሼ አባረርኳት። ለእነ አፋንዴ አላስታወቅኩም፤ ባንተ ይቅር» አለው። ሳያስታውቁ መተኮስ ጠመንጃ ያስነጥቃል። ለጃርሶ ደግሞ ጠመንጃው የመንደሩ አጥር ነው።

«አላስታውስም» አለ ሀምዳን። እዚያው አሳደሩት።

ማታ ሚስቱ ዘቢባ እራት ይዛለት ስትመጣ ነገሩን ሁሉ አጫወታት።

«ለጃርሶ ስትል ልትታሰር? እኔና ልጆችህስ?»

«አደራ ነው፣ ዘቢባ። ከእኔ አፍ አይወጣም።»

«ከእኔ አፍ ይወጣላ» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ፖሊሶቹ ዘንድ ግን አልሄደችም። ወደ ጎልቦ በሚመለሰው የወተት መኪና ለጃርሶ መልእክት ሰደደች።

በማግሥቱ የማርሳቢቱ መኪና ሞተሩን ሳያስነሣ ጃርሶ አቧራ ለብሶ ደረሰ። ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ አጋደመ።

«ጅብ ላይ ተኩሻለሁ፤ መንደሩ ሁሉ ይመሰክራል። ከዚያ ይህን ሰው ጨበጥኩት።»

«ለምን ያህል ጊዜ?»

«የከብቱን ጨርሰን የግመሉን ጀምረን ነበር።»

ሀላቄም የዚያው አገር ልጅ ነው፤ ፈገግታውን በእጁ ሸፈነ። ሰው ወደ ጎልቦ ልኮ አጣራና ሀምዳንን ለቀቀው። ጠመንጃው ግን ለጊዜው እዚያው ቀረ።

«እስከዚያ ጅቧን በምን ላባርራት?» አለ ጃርሶ።

«ሰላም በላት። ሳትጨርሱ ይነጋል።»

በር ላይ ሀምዳን እጁን ዘረጋ። ጃርሶ እጆቹን ወደ ኋላ ደበቀ።

«ተው ወንድሜ፣ ደግሞ ሌላ ጣጣ እንዳላመጣብህ።»

ሀምዳን ጎትቶ ያዘለት። «ዘቢባን አትቀየማት።»

«ባትልክብኝ ነበር የምቀየማት።»

«በል እንግዲህ፤ ከብቱ ደኅና ነው?»

ለሀምዳን ምሳ ይዛ የመጣችው ዘቢባ ሳህኑን እንደያዘች ጣቢያው አጥር ጥላ ሥር ቁጭ አለች። ምሳው እንደሚቀዘቅዝ ታውቃለች።