የሃምሳ ስምንተኛው ሞንታርቦ

መምህር ይትባረክ ደውለው «አሁን ምን ላይ ነሽ?» ሲሉኝ «ጣና ላይ ጥናት እሠራለሁ» አልኋቸው። ውሸት ነው። በባዮሎጂ በ3.81 ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል፤ ሰባታሚት ቀበሌ እናቴ ቤት ተቀምጬ የሥራ ማስታወቂያ ከማንበብና ማመልከቻ ከማስገባት በቀር የሠራሁት ነገር የለም። እሳቸው ግን ደስ አላቸው። ድሮ ሁለተኛ ደረጃ ስማር የክፍላችን ኃላፊ ነበሩ፤ ዛሬ ርእሰ መምህር ናቸው።

«እንግዲያው የወላጆች ቀን መጥተሽ ተማሪዎቼን ትመክሪልኛለሽ» አሉኝ።

እምቢ ማለት ነበረብኝ። የአክስቴን ልጅ ኮት ተውሼ ሄድሁ።

የተማርሁበት ትምህርት ቤት ሐይቁ ዳር ነው። ወላጆች ድንኳን ሥር ተቀምጠዋል፤ ተማሪዎቹ ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል። ሞንታርቦው ይጮኻል፤ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶን ሽቦ ይነካካል። ልብ አላልሁትም።

ስለ ጥናቴ አወራሁ። ስለ እምቦጭ፣ ስለ ዓሣው ማነስ፣ ጋዜጣ ላይ ያነበብሁትን ሁሉ። ልጆቹ ሲያዛጉ ሳይ ላስቃቸው ፈለግሁ።

«እኛ ክፍል ስልሳ ነበርን። እኔ አንደኛ ነኝ። ሃምሳ ስምንተኛ የሚወጣ ልጅ ደግሞ ነበረ። ካርዱን ሲቀበል ‹ቢያንስ ሁለቱን ቀድሜያለሁ› ይላል!»

ሳቁ። መምህር ይትባረክ ማንን እንዳልሁ ስለሚያውቁ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ዛሬ የት እንዳለ የሚያውቅ አለ? የለም! እኔን ግን ይኸው ጋብዛችሁኛል። ውጤት ማለት ሕይወት ነው።»

ተጨበጨበ። ሽቦ የሚነካካው ሰው ዞረ። መልካሙ ነበር፤ ሃምሳ ስምንተኛው።

ፊቴ ጋለ። ሽቦውን ነቅሎ ዝም ሊያሰኘኝ ይችል ነበር፤ እንዲነቅለው ጠበቅሁ። እሱ ግን ድምፁን ከፍ አደረገና «ቀጥይ፣ ከኋላ ያሉት አልሰሙም» አለኝ።

ቀጠልሁ። ምን እንዳልሁ አላስታውስም።

ካርድ የሚሰጠው በየክፍሉ ነው። የፊት ሰልፎች ሲገቡ የኋላዎቹ ተራቸውን እየጠበቁ ቆሙ። መልካሙ ትርፍ ሽቦ ይጠቀልላል። ሄድሁ።

«አንተ መሆንህን አላወቅሁም» አልሁት። ይኼ ይቅርታ እንዳልሆነ ከአፌ ሲወጣ ገባኝ።

«ስልሳ አንድ ነበርን እኮ» አለ ቀና ሳይል። «ሦስቱን ነው የቀደምሁት፤ አትቀንሺብኝ።»

ልስቅ ሞከርሁ።

«እናትሽ እትዬ ሙሉነሽ ደኅና ናቸው? ቴሌቪዥኑ ዳግመኛ አስቸገራቸው?»

«የእኛን ቴሌቪዥን የሠራኸው አንተ ነህ?»

«ባለፈው ማክሰኞ። አንቺ ማመልከቻ ልታስገቢ ወጥተሻል አሉኝ። ‹ሁለት ዓመት ሙሉ ቤት ተቀመጠችብኝ፤ የምታውቀው ሥራ ካለ ጠይቅልኝ› አሉ። አንድ ሁለት ቦታ ጠይቄልሻለሁ። እስካሁን የተገኘ የለም።»

ስለዚህ ስለ ጥናቴ ስለፈልፍ ውሸት መሆኑን ያውቅ ነበር። እያወቀ ነው ድምፁን ከፍ ያደረገልኝ።

ማይኩ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ መብራቱ አልጠፋም። የኋላ ሰልፍ ልጆች ያዩናል። ከመካከላቸው አንዲት ቀጭን ልጅ በእርሳሷ ተረከዟን ታክካለች፤ ካርዷን ለመቀበል የምትቸኩል አትመስልም።

«ላጥፋው?» አለኝ መልካሙ። «የቀረሽ ነገር ካለ ገና ይሠራል።»

ልጅቷን አየኋት። መምህር ይትባረክ ከቢሯቸው በር ላይ ሆነው በኩራት እጃቸውን አውለበለቡልኝ።

«አጥፋው» አልሁት።