የክንፉ የእሑድ በረራ

ጦርነቱ ሊመጣ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ካርቱም ሰማይ ላይ የድሮን ድምፅ ሲሰማ ሰው ገና ቀና ብሎ በሚስቅበት ጊዜ፣ ጀሪፍ በተባለው የከተማው ሰፈር ክንፉ የሚባል ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነበረ። የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው ነው። በፖለቲካ ምክንያት ከአገሩ ወጥቶ ሱዳን ከገባ ሠላሳ ዓመት አልፎታል።

ሚስቱ መሠረት ዐማራት በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ቤት ትሠራ ነበር። ሰውየው ኮንትራቱን ጨርሶ ሲሄድ የተሰባበረ ድሮን በካርቶን ትቶ ሄደ። መሠረት የፈለገችው ካርቶኑን ነበር፤ የክረምት ብርድ ልብስ ልታስቀምጥበት። ክንፉ ግን ካርቶኑን ትቶ ውስጡን ወሰደ፤ በሁለት ወርም ጠግኖ አስነሣው።

ነገሩ ከመዳፍ ትንሽ የሚበልጥ፣ አራት ሞተር ያለው ነው። የሚያበረው ሰው ዓይኑን የሚደፍን ትልቅ መነጽር ያደርግና፣ ድሮኑ ላይ ያለችው ካሜራ የምታየውን ብቻ እያየ ይነዳል። ክንፉ መጀመሪያ ለአምስት ወር ኮምፒውተር ላይ ተለማመደ። መሠረት ከሥራ ስትመለስ ባሏ ፊቱን ሸፍኖ፣ ወንበሩ ላይ ወዲህና ወዲያ እየተዘነበለ ታገኘዋለች። ጎረቤት ሲጠይቃት ዓይኑን ታሟል ትላለች።

ከዚያ በኋላ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት፣ ጥቁር ዓባይ ዳር ካሉት የጡብ መተኮሻዎች መሀል ማብረር ጀመረ። ሠራተኞቹ በዚያ ቀን አይኖሩም። ረክሻ የሚሉት የባለሦስት እግር ባጃጅ ሹፌር የሆነው ጓደኛው ገዛኸኝ አጠገቡ ቆሞ ሰው ወይም አህያ ሲመጣ ይነግረዋል። ክንፉ በጡብ ክምሮች መሀል ሾልኮ ሲወጣ፣ ዕድሜውን ሙሉ በፈቃድ ወረቀትና በማኅተም ሲጠበቅ የኖረው ሰውነቱ ቅልል ይለው ነበር። በሱዳን ምድር እንደ እኔ የሚያበር የለም ይላል። ገዛኸኝም አይከራከረውም፤ ሌላ የሚያበር ሰው ሁለቱም አያውቁም።

አንድ ዓርብ ምስሉ ድንገት ተቆራርጦ ጠፋ። ክንፉ መነጽሩን ሲያወልቅ ገዛኸኝ በጣቱ ወደ አንድ ረጅም አጥር እያመለከተ ነው። አጥሩ ላይ እሾሃማ ሽቦ፣ ከበሩ በላይ ደግሞ ባንዲራ አለ።

“እርሳው፤ ያላ እንሂድ” አለው።

ክንፉ ግን በእጁ የሠራውን ነገር ጥሎ ሊሄድ አልቻለም። ሄዶ በሩን አንኳኳና በጨዋ ዐረብኛ፣ ይቅርታ፣ ድሮኔ ግቢያችሁ ውስጥ ወድቆብኝ ነው አለ። በጣም በትሕትና አስገቡት። እስኪመሽ አልወጣም።

የግቢው አለቃ አንድ ሻለቃ ነበር። ማን ላከህ፣ ምን ቀረጽህ እያለ ጠየቀው። ክንፉ፣ ካሜራዋ ታሳያለች እንጂ አትቀርጽም ብሎ አስረዳ። ሻለቃው ይሄ አልገባውም። የማይቀረጽ ነገር ለምን ይታያል? ክንፉ አሰበና ደስ ስለሚለኝ ነው አለ። ሻለቃው መልሱን ጻፈው፤ ከዚያ ሰረዘው። በመጨረሻ የመኖሪያ ፈቃዱን ወሰደና ለእሑድ ቀጠረው። ባለሙያ ይጠራል፤ ክንፉም በፊቱ አብርሮ ያሳያል።

ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ ጋሽ ሀይሉ ወደ ክንፉና መሠረት ቤት መጡ። ጋሽ ሀይሉ በአገራቸው ዳኛ የነበሩ፣ አሁን ለስደተኞች ማመልከቻ የሚጽፉ ሽማግሌ ናቸው። ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ “ስማ ክንፉ” አሉት። “ጎበዝ ሆነህ ከታየህ ማን አሠለጠነህ ይሉሃል። ወይም ደግሞ ለራሳቸው ይፈልጉሃል። የነገው በረራ እንዲያምር አትሞክር። ውደቅ።”

መሠረት በነገሩ ተስማማች። ክንፉ ግን ተከፋ። ያ ሁሉ ልምምድ ለዚህ ነው? ብዙ ከተለመነ በኋላ እሺ አለ፤ ግን አንድ ነገር ጨመረ። መጀመሪያ ግቢው ውስጥ ባለው የኒም ዛፍ ዙሪያ አንድ ጊዜ ብቻ፣ አሳምሮ ይዞራል። ከዚያ ግድግዳ ይመታል። ጋሽ ሀይሉ ሳይዋጥላቸው ተነሡ።

እሑድ ጠዋት በግቢው ወንበር ተደርድሮ ጠበቀው። ሥራ የሌለው ወታደር ሁሉ ወጥቷል። በር ላይ ሻይ የምትሸጠው የሰፈራቸው ልጅ ውዴም ብርጭቆ ለማደል ገብታ ዳር ላይ ቆማለች። ባለሙያ የተባለው ቀጭን ወጣት መሐንዲስ ድሮኑን አገላብጦ አየና መለሰለት። ክንፉ መነጽሩን አደረገ። በትንሿ ካሜራ የሻለቃውን ጫማ አየ፤ በጣም ትልቅ ነበር። አውራ ጣቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ድሮኑ ሁለት ሜትር ያህል ተነሣ። ወደ ዛፉ አልሄደም። ወደ ግራ ተንጋደደና፣ ከአንድ ጥላ ሥር ባለው፣ የመጠጥ ውኃ በሚቀመጥበት ትልቅ የሸክላ ጋን ውስጥ ቀጥ ብሎ ገባ።

መጀመሪያ የሳቀው ሻለቃው ነው። ከዚያ ግቢው በሙሉ ሳቀ። መሐንዲሱ ድሮኑን ከጋኑ አውጥቶ ውኃውን እያራገፈ፣ ይህ ሰው ለማንም ስጋት አይደለም ብሎ መሰከረ። ሻለቃው ፈቃዱን መለሰለትና አንድ ወረቀት አስፈረመው። ወረቀቱ ላይ፣ የበረራ ሥልጠና ወስዶ ማስረጃ እስኪያመጣ ድረስ ላያበር ቃል ገብቷል ይላል። ሥልጠናው የት እንደሚሰጥ ክንፉ ቢጠይቅ፣ በአገሩ እንደሌለ ተነገረው።

ከቀትር በኋላ ውዴ ወሬውን ጀሪፍ አደረሰችው። ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ፣ ምስኪን፣ ለካ አይችልም ነበር አለ። ጋሽ ሀይሉን የሰሙት ደግሞ ተንኮሉን አደነቁ፤ ሽማግሌው ራሳቸው መጥተው፣ ጋኑን እንዴት አሰብከው ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ክንፉ በትሕትና ፈገግ አለ።

ብቻቸውን ሲቀሩ መሠረት ሳህን እያጠበች፣ “ሆን ብለህ አይደለም አይደል?” አለችው።

“ማን ነገረሽ?”

“ማንም። ዙሯን ሳታሳይ የምትወድቅ ሰው አይደለህማ።”

ክንፉ ሊቆጣ አሰበና ተወው። አውራ ጣቱ እንዴት እንደተንቀጠቀጠ፣ ጫማው ምን ያህል ትልቅ እንደነበረ ነገራት። እሷም አልሳቀችም። እጇን አድርቃ አጠገቡ ተቀመጠችና፣ እሷ ብትሆን ገና ከበሩ እንደምትመለስ ነገረችው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ያ ቀጭን መሐንዲስ ሱቁ መጣ፤ የደንብ ልብስ አልለበሰም። ከቦርሳው አዲስ ድሮን አወጣ። ከገዛው አንድ ዓመት ሆኖታል፤ አንድ ጊዜ እንኳ ከመሬት አልተነሣለትም። ክንፉ ቀና ብሎ ሲያየው ሰውየው ዓይኑን ሰበረ። ለሻለቃው እንዳትነግርብኝ አለ።

ክንፉ ከፍቶ አየው። የሁለት ሞተሮች ሽቦ ተቀያይሮ ነው የተበየደው፤ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ሲጨርስ በእጁ ያዘውና አራቱንም ሞተር አስነሥቶ ድምፁን አዳመጠ። የሱቁ አቧራ ተነሣ። መሐንዲሱ በጣም ተደስቶ አመሰገነው።

“ግን እዚህ እንዳትሞክረው፣ ያ ዞል፣ አንተ ሰው” አለው መሐንዲሱ፣ ድሮኑን ከእጁ እየወሰደ። “ላንተ ትንሽ ይከብዳል።”

ክንፉ ልክ ነህ አለው። ሰውየው ከሄደ በኋላ አቧራውን ጠረገ።