ሁለተኛው ጊዮርጊስ

ሞጣ ያለችው ትንሿ የሶፍትዌር ቢሮ የራሷ ልማድ ነበራት። አንድ ሥራ አልቆ ወደ ሰርቨር ሲላክ ታግ የሚባል የስም ምልክት ይለጠፍበታል፤ ለታጉም የዕለቱ ታቦት ስም ይሰጠዋል። ልማዱን ያመጣው የቢሮው ባለቤት ስጦታው ነው። «ቁጥር ማን ያስታውሳል? ቀኑን ግን ገበሬውም ያውቀዋል» ይል ነበር። ታቦቱ በየወሩ ዞሮ እንደሚመጣ ግን ማንም አላሰበም። ፕሮግራሙን የምትጽፈው ሰገነትም ብትሆን አላሰበችም፤ በዚህ በራሷም ተናዳለች።

ኅዳር ሃያ ሦስት ጠዋት አዲሱን ሥራዋን ኮሚት አድርጋ፣ ማለትም መዝግባ፣ «ጊዮርጊስ» የሚል ታግ ለጥፋ ላከችው። ሰርቨሩ ሁሉንም መለሰባት፤ በዚህ ስም ሌላ ታግ አለ፣ አልቀበልም አለ። እውነቱን ነው። የጥቅምቱ ጊዮርጊስ እዚያው ተቀምጧል።

ስጦታው አዲሱን ሥራ በዕለቱ ስም ሊያሳያቸው ከሰዓት በኋላ እንግዶች ጠርቷል። ከጀርባዋ ቆሞ ስክሪኑን አየና «የድሮውን ደምስሺና በግድ ላኪው» አለ።

«አይሆንም፣ ጋሼ።»

«ምን አልሽ?»

«አይሆንም አልኩ። ቢቸና ያለው ክሊኒክ የሚከተለው ያንን ታግ ነው።»

ነገሩ ቀላል አልነበረም። ፕሮግራሙ የሕፃናትን ሽሮፕ በክብደታቸው ያሰላል። የቢቸናው ኮምፒውተር ደግሞ «ጊዮርጊስ» የሚለው ስም ያረፈበትን ሥራ ራሱ ይጭናል። አዲሱ ስሌት የተሠራው ሞጣ ላለው ሽሮፕ ነው፤ የቢቸናው ከዚያ እጥፍ ይበረታል። ስሙ ከተዛወረ የቢቸና ሕፃን እጥፍ መድኃኒት ይጠጣል። ይህን ስጦታው ያውቃል። አውቆም «ለአንድ ቀን ምን ይሆናል?» ማለቱ ነው ሰገነትን ያንገበገባት።

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ሲሉ አልሰሙም? እኛ ግን የምናፈሰው የማይለቀም ነው» አለችው።

ስጦታው ወንበሩን ነጠቃትና በራሱ ስም ገብቶ ሞከረ። ሰርቨሩ «ይህ ታግ ተቆልፏል» ብሎ እሱንም መለሰው።

«ማነው የቆለፈው?»

«እኔ ነኝ። አሁን፣ እርስዎ ሲቆጡ።»

«ክፈቺው! አለዚያ ነገ እዚህ እንዳላይሽ!»

«ነገ ላልመጣ እችላለሁ። ዛሬ ግን አልከፍተውም።» ጎንበስ ብላ በትከሻው ላይ ኪቦርዱን ሳበችና ለአዲሱ ሥራ «ጊዮርጊስ-ኅዳር-2018» ብላ ጻፈች። ሰርቨሩ ያለ አንዳች ማጉረምረም ተቀበለው።

ስጦታው አፉን ሊከፍት ሲል የሰገነት ስልክ ጮኸ። የቢቸናዋ ፋርማሲስት የሺእመቤት ነበረች። ሰገነት ድምፁ ለሁለቱም እንዲሰማ ከፍታ ስልኩን ፊቱ አኖረችው።

«ሰገነትዬ፣ ዛሬ አዲስ ፕሮግራም ይወጣል ሲባል ሰማሁ፤ የእኛም ተቀይሯል? ትኩሳት ያቃጠላት የስድስት ወር ልጅ ይዘውብኝ መጥተዋል። ኮምፒውተሩ ያለውን ልስጣት ወይስ ልጠብቅ?»

«ጋሼ ስጦታው አጠገቤ ናቸው። እሳቸው ይንገሩዎት።»

ከስልኩ ውስጥ የልጅቱ ልቅሶ ይሰማል። ስጦታው ስልኩን አየ፤ ሰገነትን አየ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ስጫት» አለ ዝግ ብሎ። «ምንም አልተቀየረም።»

ስልኩ ሲዘጋ ከወንበሩ ተነሣ። ሰገነት ተቀመጠችበት።

«ለታኅሣሡም ጊዮርጊስ ወሩን ጨምሪበት» አለ በሩ ጋ ደርሶ፣ ፊቱን ሳያዞር።

«እጨምራለሁ» አለች። «ቁልፉ ግን እንደተቆለፈ ይቆያል።»