ባዶ መስመሮች

አባቷ ዕድሜውን ሙሉ ሰዓት ሲጠግን ኖረ። ጡረታ ሲወጣ ዐይኑ ሥራ ፈታና ከማድ ቤቱ መስኮት ማዶ ያለውን የውሃ ታንከር ማየት ጀመረ። ታንከሩ ላይ ጭልፊቶች ያርፋሉ። ለወሩ ቀኖች በየቀኑ አንድ መስመር ደብተር ላይ አስቀድሞ በማስመሪያ ያሰምርና ባረፉ ቁጥር ይመዘግባል፦ ሦስት ሰዓት ከዐሥራ ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ፣ ሁለት ጭልፊት። ሰከንዷን ማን እንደጠየቀው አይታወቅም።

«ደህና ሥራ ይዟል» ትል ነበር እናትየዋ፣ «አለቃው ጭልፊት ነው።»

ስድስት ዓመት ጽፎ ሞተ። ባዮሎጂ ተመርቃ ፋርማሲ ውስጥ ሳል ማስታገሻ የምትሸጠው ልጁ ደብተሮቹን በፌስታል ይዛ ዩኒቨርሲቲ ሄደች። ወፍ አጥኚው ዶክተር ለማስተርስ የቀረው አንድ ቦታ ነው፤ ቦታውን የሚሰጠውም መረጃ ይዞ ለመጣ ነው። ብዙ ገጽ ገለጠ።

«ጽሑፉ ያምራል። ባዶ መስመሩ ግን በዛ።»

«ጭልፊት ያልመጣበት ቀን ነዋ።»

«ወይስ አባትሽ ያላዩበት? ጭልፊት አለመምጣቱና የሚያይ ሰው አለመኖሩ ለየቅል ነው። ይህን ካልለየሽልኝ ጥናት አይሆንም። እስከ ዓርብ እጠብቅሻለሁ።»

እናቷ ሽንኩርት እየላጠች ነበር።

«እማዬ፣ አባዬ ከመስኮቱ የሚነሳበት ቀን ነበር?»

«የእህቴን ልጅ ስንድር እንኳ እናንተ ሂዱ ብሎ የቀረ ሰው!»

«አንድም ቀን?»

«ለኩላሊቱ ክሊኒክ ሲሄድ ነዋ። ያኔም እየጎተትኩት።»

እጇን አደራርቃ ከብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ የክሊኒኩን የቀጠሮ ካርዶች አወጣች። በሄደ ቁጥር ማኅተም ተመትቷል። ሁለቱ ሴቶች ካርዱን ከደብተሩ ጋር እያስተያዩ አመሹ። ማኅተም ያለበት ቀን ሁሉ ደብተሩ ላይ ባዶ ነው፣ ከአንዱ በቀር። እሱ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ዘጠኝ ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ከዐሥር ሰከንድ፣ አንድ ጭልፊት። የክሊኒኩ መስኮት። የእኛ አይደለም።»

«መርፌ ክንዱ ላይ ተሰክቶ ብዕር አምጪ ያለኝ ለዚህ ነው» አለች እናትየዋ። «እኔ ደግሞ ሊናዘዝ መስሎኝ።»

ዓርብ ዶክተሩ ካርዶቹን አንድ በአንድ አየ። የማኅተሙን ቀኖች «አልታየም»፣ የቀሩትን ባዶዎች «ዜሮ» ብላ ኮምፒውተር ላይ እንድታስገባ ወንበር ሰጣት። ማመልከቻዋ ላይም ፈረመ። እሷ ስትጽፍ እሱ ከኋላዋ ቆሞ የመጨረሻውን ደብተር ያገላብጥ ነበር።

«መጨረሻ ላይ ያሉት ዐሥራ ዘጠኝ መስመሮችስ? ካርዱ ላይ የሉም። ዜሮ ናቸው?»

አባቷ ወሩን አስምሮ ነው የሞተው።

«አይደሉም» አለች። «ተመልካች አልነበረም።»

«እንደዚያው ብለሽ አስገቢያቸው።»

አንድ በአንድ ትጽፍ ጀመር። አራተኛው ላይ ስትደርስ ዶክተሩ ጎንበስ አለ።

«አንዴ ጽፈሽ ወደ ታች ብትጎትቺው የቀረውን ራሱ ይሞላዋል እኮ።»

«አውቃለሁ» አለችና አምስተኛውን ጻፈች።