የተመታው ሰው ቃል

በ፲፱፻፸፩ ዓመተ ምሕረት፣ መጋቢት ሊያልቅ ሲል፣ የአንኮበር የፈረስ ጉግስ ማኅበር ሊቀ መንበር ለሆኑት ለአቶ ዘርአ ዳዊት አንድ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ደረሳቸው። ደብዳቤው አጭር ነበር። በየወረዳው በየራሳቸው ደንብ ሲተዳደሩ የኖሩት የጉግስ ማኅበራት ፈርሰው በአንድ አገር አቀፍ ማኅበር ሥር ስለሚጠቃለሉ፣ የየማኅበሩ ሊቀ መንበርና ምክትሉ ማኅተማቸውንና የጨዋታ ደንባቸውን ይዘው ሚያዝያ ስድስት ቀን ደብረ ብርሃን እንዲገኙ ያዝዛል። ያልተገኘ ማኅበር እንደ ፈረሰ ይቆጠራል፤ ለተጫዋቾቹም ሜዳ አይፈቀድም።

አቶ ዘርአ ዳዊት ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። የቀድሞ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸውና በመጀመሪያው ንባብ የሆሄ ግድፈቱን በእርሳስ አረሙ፤ በሁለተኛው ነገሩ ገባቸው። ማኅተሙ አላሳሰባቸውም፤ ማኅተም እንጨትና ጎማ ነው። የማኅበሩ ስም መፋቁንም ቢሆን ይችሉት ነበር። እንቅልፍ የነሣቸው የደንቡ ነገር ነው።

ጉግስ የትም ቦታ ጉግስ ነው። አንዱ ጋሻውን ይዞ ይሸሻል፤ ሌላው ፈረሱን ኮልኩሎ ይከተለዋል፤ ደርሶም ዘንጉን ይወረውርበታል። ዘንጉ ጋሻው ላይ ካረፈ ሸሺው ድኗል፤ ገላው ላይ ካረፈ ከሜዳ ይወጣል። የየአገሩ ልዩነት ያረፈበትን ቦታ ማን ይወስናል በሚለው ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ባንዲራ የያዙ ሁለት ዳኞች ይወስናሉ። ደነባ ላይ ተመልካቹ ይጮኻል፤ የበዛው ጩኸት ይረታል። አንኮበር ላይ ግን ዳኛ የሚባል የለም። የተመታው ሰው ራሱ ጋሻውን ከአናቱ በላይ ያነሣና “ተመታሁ” ብሎ ይወጣል። ካላነሣ አልተመታም። ወርዋሪው አይቶ እንደሆነ እንኳ አፉን አይከፍትም፤ ቃሉ የተመታው ሰው ነውና።

አቶ ዘርአ ዳዊት ይህን ደንብ ከአባታቸው ተቀብለው ለሃያ ዓመታት በሊቀ መንበርነት ጠብቀውታል። አንኮበር ሜዳ ላይ ዳኛ አቁሙ ማለት፣ በእርሳቸው አስተያየት፣ ሰውን ሁሉ በአንድ ቀን ውሸታም ብሎ መሳደብ ነው። ስለዚህ የደንቡን ነገር በአራት ገጽ ወረቀት ላይ አሰፈሩ። ሦስት ጊዜ ገለበጡት። የተጠቃለለው ማኅበር ይህን ደንብ ካልተቀበለ ማኅተሙን ላያስረክቡ፣ በዚህም የሚመጣባቸውን ሁሉ ሊቀበሉ ቆረጡ።

ሚያዝያ ስድስት ማለዳ ምክትላቸው ፈረጅ ከአሊዩ አምባ ዳገቱን በበቅሎ ወጥቶ አንኮበር ደረሰ። ፈረጅ የጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ከአቶ ዘርአ ዳዊት በዐሥር ዓመት ያንሳል፤ በወጣትነቱ ከቆላው ወገን እርሱን የሚያህል ወርዋሪ አልነበረም። በቅሎዋን ከዘመድ ቤት አስሮ፣ ሁለቱም በአንድ የእህል ጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍረው ወደ ደብረ ብርሃን ጉዞ ጀመሩ።

መንገድ ላይ አቶ ዘርአ ዳዊት መነጽራቸውን አድርገው ጽሑፋቸውን አነበቡለት። መኪናው በነጠረ ቁጥር ያቆማሉ፤ ሲረጋ ካቆሙበት ቃል ይቀጥላሉ። ሾፌሩም ሳይወድ ይሰማ ነበር። ሦስተኛው ገጽ ላይ “በአንኮበር ሜዳ ተመትቶ ዝም ያለ ሰው ከቶ ታይቶ አይታወቅም” የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። እዚያ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

ፈረጅ በመስኮቱ ወደ ገብሱ ማሳ እየተመለከተ ቆየ።

“አባ ዳምጠው፣” አለ በኋላ፣ በፈረስ ስማቸው ጠርቶ። “ያችን ዓረፍተ ነገር ቢተዉዋትስ?”

“ለምን ሲባል? የጽሑፉ ምሰሶ እኮ እርስዋ ናት።”

“እንዲያው ነው። ሳትኖርም የሚቆም መስሎኝ።”

አቶ ዘርአ ዳዊት ወረቀቱን አጠፉት፤ የቀረውን ገጽ አላነበቡም።

ነገሩ የጥቅምት ፲፱፻፶ ነው። በዚያን ጊዜ አንኮበርና አሊዩ አምባ የየራሳቸው ማኅበር ነበራቸው፤ ቆለኞቹም በአንድ ሽማግሌ ዳኝነት ይጫወቱ ነበር። ሁለቱ አንድ ይሁኑ ሲባል በማን ደንብ የሚለው አላስማማ ስላለ፣ አንድ ቀን ተጫውተው የተሸነፈው በአሸናፊው ደንብ ሊገባ ተማማሉ። ጨዋታው የተደረገው በአንኮበር ሜዳ ስለሆነ በአንኮበር ሥርዓት ነበር። በመጨረሻ ከደገኛው ዘርአ ዳዊት፣ ከቆለኛው ፈረጅ ብቻ ቀሩ። ዘርአ ዳዊት ሸሸ፤ ፈረጅ ተከተለ። አቧራው ፈረሶቹን ውጦአቸው ሳለ የፈረጅ ዘንግ ከጋሻው ጠርዝ በታች አልፎ የዘርአ ዳዊትን የጎን አጥንት አገኘው። በካባው ላይ ስለሆነ ድምፅ አልነበረውም። ጋሻውን ሊያነሣ ክንዱን አንቀሳቀሰ፤ አላነሣውም። በተራው ዞሮ ዘንጉን ወረወረ። ፈረጅ ትከሻው ላይ ተመታና ወዲያውኑ ጋሻውን አነሣ።

ሕዝቡ ዘርአ ዳዊትን በጫንቃው ተሸክሞ አዞረው። አሊዩ አምባ በአንኮበር ደንብ ገባ። በዓመቱ ዘርአ ዳዊትን ሊቀ መንበር አደረጉት። የጎን አጥንቱ ለሁለት ወር ሲያመው ለሚስቱ ለወይዘሮ ለተጊዮርጊስ በቅሎ ረገጠኝ አላት። ዘርአ ዳዊትም፣ ፈረጅ በዚያ አቧራ ውስጥ ዘንጉ የት እንዳረፈ አላየም ብሎ የገዛ ራሱን አሳምኖ ኖረ። እነሆ አሁን፣ በአንድ ጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ፣ ፈረጅ ማየቱን አቶ ዘርአ ዳዊት ተረዱ።

የስብሰባው አዳራሽ ብርዳም ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣው ሹም ወልደተንሣኤ የሚባል ትሑት ወጣት ሲሆን ሁሉንም “ጓድ” እያለ ይጠራ ነበር። አቶ ዘርአ ዳዊት “ጓድ ዘርአ ዳዊት” ሲባሉ ዘወር ብለው ከኋላቸው ሌላ ሰው ፈለጉ፤ አዳራሹ ሳቀ፤ ወጣቱም አብሮ ሳቀና ከዚያ ወዲያ “አባታችን” አላቸው።

የደነባና የሰላ ድንጋይ ሰዎች ማኅተማቸውን ያለ ብዙ ክርክር አስረከቡ። ደንብ ላይ ሲደረስ ወጣቱ የደብረ ብርሃኑ የሁለት ዳኛ ሥርዓት ለሁሉም ይሁን ብሎ ሐሳብ አቀረበ። አቶ ዘርአ ዳዊት ተነሥተው ጽሑፋቸውን አነበቡ። በሦስተኛው ገጽ ላይ ያችን ዓረፍተ ነገር ሊዘሏት አስበው ነበር፤ ዓይናቸው እርስዋ ላይ ሲደርስ ግን የዘለለ ሰው መስለው መታየትን ፈሩና አነበቧት።

የደብረ ብርሃን ማኅበር ሊቀ መንበር አቶ ኃይለ ገብርኤል ወፍራምና ተረበኛ ሰው ናቸው።

“እንዲህ ከሆነማ፣” አሉ፣ “አንኮበሮች ክንፍ እንጂ ፈረስ ምን ያደርግላቸዋል? እኛ ሥጋ ለባሾቹ ከዳኛችን ጋር እንኑር።”

ሳቁ ሲበርድ ወጣቱ በቅን ልቡና አንድ መላ አመጣ። እንዲህ ያለ ደንብ ካለ ቢጠፋ እንደሚያሳዝነው ገለጠ። የሚመሰክርለት ካለ ግን ለበላዮቹ ሊያቀርበው እንደሚችል ተናገረ። አቶ ፈረጅ የአሊዩ አምባ ሰው ስለሆነ፣ ቀድሞም ተቃራኒ ሆኖ ስለተጫወተ፣ ከእርሱ የተሻለ ምስክር አይገኝም። ስለዚህ ወደ ፈረጅ ዞሮ በአንኮበር ሜዳ ተመትቶ ዝም ያለ ሰው አይቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀው።

ፈረጅ ቀስ ብሎ ተነሣ። ኮፊያውን አስተካከለ። የሚዋሽ ሰው አይደለም፤ በሱቁ እንኳ የጨርቁን እንከን ራሱ ነው የሚያሳየው። አቶ ዘርአ ዳዊትም ያውቁታል። አፉን ከፍቶ፣ መልሶ ሲገጥመው፣ እንደገናም ሊከፍተው ሲል አዩ። ይህ ሰው ስለ እርሳቸው ወይ ሊዋሽ ነው፣ ወይ ሊያዋርዳቸው ነው፤ ሁለቱም የእርሱ ዕዳ አልነበረም።

አቶ ዘርአ ዳዊት ብድግ አሉ። አራቱን ገጽ የያዘውን አቃፊ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ከአናታቸው በላይ አነሡት። አንኮበርን የማያውቁት ሰዎች ሽማግሌው ምን ነካቸው አሉ። ፈረጅ ግን ዐወቀና ተቀመጠ።

“ተመትቻለሁ፣” አሉ። “በጥቅምት ወር በሃምሳ ዓመተ ምሕረት፣ በዚህ ሰው ዘንግ፣ ቀኝ ጎኔን። ዝም አልሁ። ይህ ማኅበር በእኔ ዝምታ ነው አንድ የሆነው። የጻፍሁት ሐሰት ነው፤ ዳኛ አቁሙ።”

አቃፊውን አውርደው ማኅተሙን ከኪሳቸው አወጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

ቀጥለው የተናገሩት አቶ ኃይለ ገብርኤል ነበሩ፤ በዚህ ጊዜ ግን ድምፃቸው ውስጥ ተረብ አልነበረም። እኛ ዘንድ ዳኛ ከቆመ ሠላሳ ዓመት ሆነው፣ አሉ፤ በዚያ ሁሉ ዘመን “ተመታሁ” ያለ አንድ ሰው አልሰማሁም። ባንዲራው እስኪወርድብን እንጠብቃለን፤ ሲወርድም እንጨቃጨቃለን። ዳኛው ይኑር፤ ነገር ግን ባንዲራውን ከማውረዱ በፊት ሦስት ይቁጠር፤ በዚያ መካከል የተመታው ሰው ራሱ ይናገር። ቀድሞ የተናገረ በክብር ይውጣ፤ ዳኛ ያወጣው ግን የሚቀጥለው ጨዋታ ይለፈው።

ሐሳቡ ተደገፈ። ወጣቱ ጻፈው፤ አቶ ዘርአ ዳዊትም ፈረሙ። ፊርማቸው እንደ ወትሮው ቀጥ ያለ ነበር፤ ከሊቀ መንበርነታቸው መነሣታቸውን ግን እዚያው በቃል አስታወቁ። ማንም አልተከራከራቸውም፤ ይህም ትንሽ አመማቸው።

ሲመለሱ በዚያው መኪና፣ በዚያው ጋቢና ነበሩ። የአንኮበር ጉም መንገዱን መሸፈን ጀመረ።

“ለምን ዝም አልህ?” አሉ አቶ ዘርአ ዳዊት። “በዚያን ቀን አንድ ቃል ብትናገር ደንቡ የእናንተ በሆነ።”

“በእናንተ ሜዳ፣ በእናንተ ደንብ ልጫወት ምዬ ነው የገባሁት፤ ደንቡ ደግሞ ወርዋሪ አይናገርም ይላል። እኔ ከተናገርሁማ ዳኛ ሆንሁ። ወላሂ፣ ማግስቱን ይናገራሉ ብዬ ነበር። ማግስቱን ሲቀር ለጥምቀት አልሁ።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ለመድሁት። ሁልጊዜ ሲያነጥሱ እንኳ ሊናገሩ ይመስለኝ ነበር።”

ሾፌሩ ሳቀ። አቶ ዘርአ ዳዊት አልሳቁም፤ ቀኝ ጎናቸውን በመዳፋቸው ይዘው ወደ ፊት ይመለከቱ ነበር።

“ኃይለ ገብርኤል ሦስት ይቆጠር አለ፣” አለ ፈረጅ። “እርስዎ ሃያ አንድ ዓመት አስቆጠሩኝ።”

መኪናው አንኮበር ሲደርስ አቶ ዘርአ ዳዊት ቀድመው ወረዱ። ከወትሮው ልማዳቸው ውጭ ዞር አሉና ለፈረጅ የጋቢናውን በር ይዘው ቆዩለት።