የንግሥቲቱ አወዳደቅ

ጌም ሰብሳቢው ትሬንት የቀለጠ አይብ የነካ ጣቱን ሱሪው ላይ ጠራረገና ነጭ የጨርቅ ጓንት አጠለቀ። ከዚያ ሳጥኑን እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጁ ተቀብሎ አፍንጫው ድረስ አስጠጋና አሸተተው።

«ሽታው እንኳ አልለቀቀም» አለ ዓይኑን ጨፍኖ።

«እሰይ! ላሰው እንግዲህ» አለች ሎርና።

ባሏ ኤልደን ሰምቶ እንዳልሰማ ፊርማውን ቀጠለ። የቶሊዶ ከተማው ሆቴል አዳራሽ በአሮጌ ጌም ሰብሳቢዎች ጢም ብሏል። ጠረጴዛው ሁሉ ላይ ያልተከፈተ ሳጥን በወፍራም ፕላስቲክ ታሽጎ ተደርድሯል፤ ሰዉ ያንን ሊያይ ይጋፋል። ያልተከፈተ ነገር ምኑ ይታያል? ደግሞ ላቡ፣ ደግሞ የአይቡ ሽታ! ኤልደን ግን ጉንጩ ቀልቷል። ዕድሜውን የድመት ምግብ ቆርቆሮ ሲስል የኖረ ሰው፣ በወጣትነቱ ለሠራው አንድ የቼዝ ጌም ሰው ተሰልፎ ሲጠብቀው እንዴት አይቀላ። ይህን አልነፈገችውም። ያንገሸገሻት ቤታቸው የቀረችውን የዚያን ጌም የመጨረሻ ሳጥን ሳያማክራት ለዚህ ጓንታም ለመሸጥ ቃል መግባቱ ነው።

የእሷ አወዳደቅ እዚያ ሳጥን ውስጥ ነበር። በዚያ ጌም አንዱ ጠጠር ሌላውን ሲበላ በእግሩ ሄዶ፣ ተዋግቶ፣ ገድሎ ነው። ኤልደን ወታደሩ ንግሥቲቱን ሲገድል መሳል አቅቶት አንድ ክረምት ሙሉ ተቸገረ። «እስቲ አንቺ ውደቂልኝ» አላት። ኩሽና ወለሉ ላይ ዳሌዋ እስኪበልዝ ወደቀችለት። ጌሙ የሚሠራበት ዓይነት ኮምፒውተር ግን ቤታቸው ገብቶ አያውቅም፤ «አንድ ቀን አሳይሻለሁ» እንዳለ ጌሙን ያሠራው ድርጅት ተዘጋ፣ ልጆች ተወለዱ፣ ጉልበቷ አረጀ። ዛሬ አዳራሹ ጥግ ለጎብኚ የተተወ አሮጌ ኮምፒውተር ስታይ ልቧ ዘለለ።

«ከመስጠትህ በፊት እዚያ ከፍተን እንየው» አለችው።

«እማማ፣ ከተከፈተ እኮ ዋጋው ሞተ!» ጮኸ ትሬንት።

«አያትህን እማማ በላት። አንተ ተጫውተኸው ታውቃለህ?»

«ማን ይጫወተዋል? አንድ ወታደር አንድ ፈረስ እስኪገድል ቀኑ ይመሻል። ኮምፒውተሩም ደደብ ነው። የሞከረው ሁሉ ሦስቴ አይቶ የውጊያውን ተንቀሳቃሽ ሥዕል ያጠፋዋል።»

«ታዲያ ለምን ትገዛዋለህ?»

«እንዲኖረኝ ነዋ» አለ ትሬንት፣ ጥያቄው ግራ አጋብቶት።

ሎርና ባሏን አየችው። ኤልደን አቀርቅሮ የእስክሪብቶውን ክዳን ያሽከረክራል። ሥዕሉን ያጠፉታል የሚለውን ሰምቷል። እጇን ሰደደች፤ ሳጥኑን ከጓንቱ ነጠቀችና ላስቲኩን በአውራ ጣቷ ጥፍር ተረተረችው። ከተሰለፉት አንዱ «ወይኔ!» አለ።

የወጣው ሽታ የእርጥብ ካልሲ ነው። ጌሙ የተቀዳበት ፍሎፒ ዲስክ ፊት ላይ ነጭና አረንጓዴ ሻጋታ ጠጉር አብቅሏል። ምድር ቤታቸው ውስጥ ስንት ዘመን በጥንቃቄ ተቀምጦ፣ ለካ ሲበሰብስ ኖሯል። ሎርና ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

ትሬንት ግራና ቀኝ ገላመጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ችግር የለም። ዝም ካላችሁ መልሼ አሽገዋለሁ። ውስጡን ማን ያያል?» አለ።

ኤልደን ቀና አለ። እንዲህ ሲጸየፍ አይታው አታውቅም።

«የሚሠራ ሌላ አለህ?» ሲል ጠየቀው።

«የሚሠራ? ሳጥን የሌለው… እዚያ ጠረጴዛ ሥር፣ ቅርጫት ውስጥ አለ። ዞር ብሎ የሚያየው የለም።»

ኤልደን ሰልፈኛውን ትቶ ጥግ ወዳለው ኮምፒውተር ሄደ። ሎርና ለአንድ ሆት ዶግ በማይበቃ ገንዘብ፣ የማይታወቅ ልጅ ስሙን በእስክሪብቶ የጫረበት ፍሎፒ ገዛች። ማሽኑ እያጉረመረመ ዋጠው። ትሬንት ጓንቱን እንዳጠለቀ ከኋላቸው መጥቶ ቆመ።

ኤልደን ንግሥቲቱን ከጠጠሮቹ መሐል አውጥቶ የኮምፒውተሩ ወታደር ሊበላት የሚችልበት ካሬ ላይ አቆማት።

«ምን ነካህ? ንግሥትህን እኮ ሰጠህ!» አለ ትሬንት።

«ዝም በል» አሉት ባልና ሚስት አንድ ላይ።

ኮምፒውተሩ አሰበ፣ አሰበ። ደደብ ያሉት ነገር ወጥመድ እንደፈራ ሰው ዘገየ። በመጨረሻ ወታደሩ ጦሩን አነሣ። ንግሥቲቱ እጇን ዳሌዋ ላይ አድርጋ ናቀችው። ጦሩ ሲሰነዘር ግን ወታደሩን ማየት ትታ ድንገት ወደ ግራ፣ ምንም ወደሌለበት ጥቁር ማዕዘን ዞር አለች። ከዚያ ጉልበቷ ከዳትና በጎኗ ወደቀች።

ሎርና አፏን በእጇ ያዘች። ያኔ ኩሽናው ወለል ላይ ስትወድቅ በስተግራዋ ምድጃው ነበር።

«እንቁላሉ እንዳያርር እያየሁ እኮ ነበር» አለች።

«አውቃለሁ» አለ ኤልደን። «ሁሉም ያንን ዞር ማለትሽን አጥፋው አሉኝ። አላጠፋሁትም።»

ከወዲያ ሰልፈኞቹ ስሙን ይጣራሉ። እሱ አልተነሣም። የሚያሸልብ የሚመስለው ማሽን ተራውን ይጠብቃል። ሎርና የሻጋታው ሽታ ያልለቀቀውን ጣቷን ቀሚሷ ላይ ጠራረገችና ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«እሺ» አለች፣ ንግሥቲቱ የተነሣችበትን ባዶ ካሬ እያሳየችው፣ «አሁን ማን ቀረን?»