የኮቱ ገበር

እናቴ አርባ ዓመት ልብስ ሰፍታ ያሳደገችን ሴት ናት። ካገር ቤት ልትጠይቀኝ በመጣች በሦስተኛው ቀን ብርዱን ስላልቻለችው፣ ልብስ እያጠፍኩ ወደምሠራበት መደብር ኮት ልገዛላት ወሰድኳት። የዕረፍት ቀኔ ነበር።

ገና ከበሩ "እንደምን ዋላችሁ" አለች፤ ቀና ያለ ሰው የለም።

"ምነው፣ ለቅሶ ቤት ነው እንዴ?" አለችኝ።

እዚህ አገር ሻጭና ገዢ እንደማይጨዋወቱ፣ በዋጋም እንደማይከራከሩ፣ ዕቃም ብዙ እንደማይነካካ ነገርኳት። የመጨረሻውን እንዳልሰማች ሆና አንድ ግራጫ ኮት አወረደችና ገለበጠችው።

ገበሩ ብብቱ ሥር ስንዝር ያህል ተተርትሯል። እናቴ ከንፈሯን መጠጠች። ከአንገትጌዋ ሥር ክር ያለውን መርፌዋን ነቅላ፣ ጫማ የሚለካበት ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ትሰፋ ጀመር። ለእሷ የተተረተረ ልብስ አይቶ ማለፍ የወደቀ ሰው አይቶ እንደ ማለፍ ነው።

ዘበኛው መጣ፤ ከኋላው አለቃዬ። መርፌውን እያየ፣ ዕቃ አበላሽታለችና ይቅርታ ጠይቃ ትውጣ፣ ንገሪያት አለኝ። ስድስት ዓመት ለዚህ ሰው አንገቴን ደፍቼ ኖሬያለሁ፤ እንጀራዬ በእጁ ነው።

"ምን ይላል?" አለች እናቴ፣ ቀና ሳትል።

"ይቅርታ ጠይቂ ነው የሚለው፣ እማ።"

"እንዲህ አድርጎ የሰፋው ሰው መጥቶ እኔን ይጠይቀኝ በዪው።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን አለሳልሼ ነበር የምተረጉመው። ይቅርታውም ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ግን ጣቶቿን አየኋቸው፤ መርፌ የበሳሳቸው፣ እኔን ያስተማሩ ጣቶች። ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኩት። ከራሴም መረቅሁበት፤

"እናቴ ያበላሸችው ነገር የለም። የተበላሸ ስንሸጥ የኖርነው እኛ ነን።"

ፊቱ ቀላ። ነገ ጠዋት ቢሮው እንድገባ አዘዘኝ። እሺ አልኩት።

እናቴ ክሩን ቋጥራ በጥርሷ በጠሰችው። ኮቱን አራግፋ አለቃዬ ክንድ ላይ አኖረችለት።

"አሁን መሸጥ ይችላል በዪው። እኔ ግን ሰላምታ ከማይመልስ ቤት አልገዛም።"

ይህንንም ተረጎምኩለት።

ውጭ ብርዱ ያው ነው። ጥቂት እንደሄድን ክንዴን ያዘችና፣ ወፈር ያለ ጨርቅ በሜትር የሚሸጥ ሰው አውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ።